ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ላፕቶፕ ሲግልና ቻርጅ አልይዝ ሲል

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ሳለ ላፕቶፗ አስቸገራት። ከቻርጀር ሲነቀል አርባ ደቂቃ አይሞላም። ጥገና ቤት ወሰደችው፣ «ባትሪው አልቋል» አሏት፣ ገንዘብ አጠራቅማ አዲስ አስገባች። ለጊዜው ደህና ሆነ። ሦስት ወር ሳይሞላው ግን ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ማራገቢያው ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ጭን ላይ አያስቀምጥም፣ ቪዲዮ ሲከፈትበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። እኔ ጋ አመጣችው። የሆዱን ክዳን ስከፍተው ማራገቢያው አየር በሚተፋበት በኩል አቧራ ተጋግሮ አገኘሁ። በጥፍሬ ጫፍ ይዤ ስስበው ሳይበጣጠስ፣ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሆኖ ወጣ። አዲሱን ባትሪ እየጠበሰው የነበረው እሱ ነው።

የባትሪ ችግርና የሙቀት ችግር ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ናቸው። ላፕቶፑ ሲግል ማራገቢያውም ፕሮሰሰሩም (ሒሳቡን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ተጨማሪ ኃይል ይበላሉ፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ባትሪው ራሱ ደግሞ ሙቀት ላይ ሲቆይ ውስጡ ያለው ኬሚካል እየተበላሸ አቅሙ ይቀንሳል። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ በ40 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት የቆየ ሊቲየም ባትሪ ከአቅሙ አንድ ሦስተኛውን ያህል ሊያጣ ይችላል። ለሚግል ላፕቶፕ 40 ዲግሪ ደግሞ የየቀን ነገር ነው። ስለዚህ ኪሳችሁ ውስጥ እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት በነጻ የሚታየውን ሁሉ እንይ።

መጀመሪያ ሆዱን እዩት

ላፕቶፑን አጥፉና ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ተደላድሎ ይቀመጣል ወይስ ይወዛወዛል? ታችፓዱ ወደ ላይ ተነስቷል? ሲጫኑት አልጫን ይላል? ክዳኑ ሲዘጋ በአንድ በኩል አልገጥም ይላል? ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሁሉ ተዉትና እዚሁ ቁሙ። ቻርጅ አታድርጉት። አታብሩት። በመርፌ ወግቶ ጋዙን ማስወጣት የሚባል ነገር የለም፤ ሊቲየም ባትሪ ሲበሳ እሳት ይነሳል፣ በቀላሉም አይጠፋም። ዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ወደ 4.1 ሚሊዮን የሚሆኑ የላፕቶፕ ባትሪዎችን የሰበሰበው እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ በሚል ነበር። ያበጠውን ባለሙያ ያውጣው። ልጆች እንዳይደርሱበት፣ አልጋና መጋረጃ አጠገብም እንዳይቀመጥ።

ባትሪው ራሱ ይናገር

ላፕቶፑ ካላበጠ ቀጥሎ የሚጠየቀው ባትሪው ራሱ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ሪፖርት አለ። ስታርትን ተጫኑና ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ጻፉ፣ የሚመጣውን ጥቁር መስኮት ክፈቱ። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፓወር የሚለውን ቃል ጽፋችሁ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ሳትለያዩ ቀጥሉበት፤ ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የጥያቄ ምልክቱ ያለበት ቁልፍ ላይ ያለውን ስላሽ፣ ከዚያ ባትሪና ሪፖርት የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣብቃችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው እዚያው ይነግራችኋል። በብራውዘር ክፈቱት።

ሁለት ቁጥር ፈልጉ። ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ባትሪው ሲሠራ የተሰጠው አቅም ነው። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው ዛሬ ሞላ ሲባል በእርግጥ የሚይዘው ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የመጀመሪያው 41,000፣ ሁለተኛው 29,520 ሚሊዋት ሰዓት ነበር። 72 በመቶ ማለት ነው። «አዲስ» ተብሎ ለተሸጠ የሦስት ወር ባትሪ ይህ ያሳዝናል፣ ግን በአርባ ደቂቃ የሚያልቅ ባትሪ አይደለም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ እንዳለ ያወቅኩት እዚህ ላይ ነው።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ባትሪ አትግዙ፣ ችግራችሁ እሱ አይደለም። ከ60 እስከ 80 ከሆነ ሙቀቱን አስተካክላችሁ ገና ብዙ ትጠቀሙበታላችሁ። ከ50 በታች ከወረደ፣ ወይም 30 በመቶ አለኝ እያለ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ መቀየሩ ተገቢ ነው።

ማክቡክ ያላችሁ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ የአፕሉን ምልክት ተጫኑ፣ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ግቡ፣ ከዚያ ፓወር። ሳይክል ካውንት ባትሪው ስንት ጊዜ ሙሉ ዙር፣ ማለትም ሞልቶ እስከማለቅ፣ እንደሄደ ይነግራችኋል። አብዛኞቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ የተሠሩ ማክቡኮች ለ1,000 ዙር የተሠሩ ናቸው። ዩዝድ ማክ ስትገዙ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የምታዩት ቁጥር ይህ ይሁን።

ኃይሉን የሚበላው ማን ነው?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባትሪያችሁ 30 ዋት ሰዓት ይይዛል እንበል። ላፕቶፑ 10 ዋት የሚበላ ከሆነ ሦስት ሰዓት ይቆያል። 25 ዋት የሚበላ ከሆነ ግን ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያልፍም። ባትሪው ያው ነው፣ የተለየው የሚበላው ነው።

ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉና ምንም ሳትከፍቱ አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማኔጀር ይመጣል። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለውን ስትጫኑ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። ዝም ብሎ በተቀመጠ ላፕቶፕ ላይ አጠቃላዩ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። 40 እና 60 ላይ ከተሰቀለ እዚያ የተጻፈውን ስም ተከተሉት። ብዙ ጊዜ የማገኘው አፕዴት እያወረደ ያለ ዊንዶውስ፣ ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ተጭነው፣ ወይም ሠላሳ ታብ የተከፈተበት ብራውዘር ነው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከጫናችሁ በኋላ ማሽኑ መጋል ከጀመረ ደግሞ ጠርጥሩ፤ ውስጡ ተደብቆ በእናንተ ፕሮሰሰር የሌላ ሰው ክሪፕቶ የሚቆፍር ፕሮግራም ሊኖር ይችላል።

የስክሪን ብርሃንን ቀንሱ። ይህን የሚናቅ ነገር አታድርጉት፤ ለጽሑፍ ሥራ ከሚበላው ኃይል ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ስክሪኑ ነው።

አንድ ሌላም አለ። ላፕቶፑን ክዳኑን ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ እንደ ብረት ምጣድ ግሎ፣ ባትሪውም አልቆ ታገኙታላችሁ። አዳዲስ ላፕቶፖች ስሊፕ ላይ ሆነውም እንደ ስልክ ነቃ እያሉ ኢንተርኔት ይፈትሻሉ። ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት (የከፈታችሁትን ሥራ አስቀምጦ የሚጠፋው) ይሁን፣ ወይ ጨርሳችሁ አጥፉት።

ተሰክቶ ቻርጅ የማያደርግ ከሆነ

መጀመሪያ ብልሽት ያልሆነውን ለዩ። 60 ወይም 80 በመቶ ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ምናልባት ምንም አልሆነም። ሌኖቮ፣ አሱስ፣ ኤችፒና ዴል ባትሪው እንዲቆይ ሆን ብሎ ከመሙላት የሚያስቆም ሴቲንግ አላቸው። በዚህ ምክንያት ደህና ባትሪ አውጥተው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሌኖቮ ላይ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም፣ አሱስ ላይ ማይ አሱስ በሚለው፣ ኤችፒና ዴል ላይ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ተመልከቱ። ላፕቶፓችሁ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ይህን ሴቲንግ እንዲያውም አብሩት፣ ለባትሪ ከዚህ የተሻለ ውለታ የለም።

ሴቲንጉ ካልሆነ ቻርጀሩን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ጥቃቅን ጽሑፍ ነው፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩት። አውትፑት የሚለው ጎን ቮልትና አምፒር አለ። ብዙ ባለ 65 ዋት የዴልና የኤችፒ ቻርጀሮች 19.5 ቮልት ናቸው፣ የሌኖቮ 20 ቮልት። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር መግጠም አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ ከፍ ቢል ጉዳት የለውም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚስበው። ዝቅ ካለ ግን ቻርጀሩ ይግላል፣ ላፕቶፑም ይራባል። ታይፕ ሲ በሆነው የስልክ ቻርጀር ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ግን 18 ዋት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ እየሠራችሁ እያለ ባትሪው ከመሙላት ይልቅ ሲወርድ ታያላችሁ።

ዴል ያላችሁ በተለይ ይህን ልብ በሉ። ክብ የሆነው ጃክ መሀል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። እሷ ኃይል አታስተላልፍም፣ ቻርጀሩ ማን እንደሆነ ለላፕቶፑ ትነግራለች። ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ ፎርጅድ ከሆነ ላፕቶፑ ቻርጀሩን ማወቅ አልቻልኩም ይላል፣ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገየዋል። ሰው ይህን አይቶ «ባትሪውም ማሽኑም ሞተ» ይላል። በሌላ ሰው ትክክለኛ ቻርጀር አምስት ደቂቃ መሞከር ይበቃል።

ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩት። ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ ነገር ካለ በዚህ ይለቃል። ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል።

የመብራቱን ጉዳይም እዚህ ላንሳ። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ስለዚህ የሰፈራችሁ መብራት ደከም ማለቱ ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚወረወረው ድንገተኛ ኃይል ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳ ንቀሉ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩ። ምጣድና ካውያ የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ላፕቶፕ አትሰኩ።

ሙቀቱን ለዩ

ላፕቶፑ ሲጠፋ ከሙቀት ነው ወይስ ከባትሪ? ቻርጀሩን ሰክታችሁ ከበድ ያለ ነገር ክፈቱበት፣ ለምሳሌ ረዘም ያለ ጥራት ያለው ቪዲዮ። ተሰክቶም ከጠፋ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ሲነቀል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪውን። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲግሪውን ያሳያችኋል። ሥራ ሳይሠራ ከ40 እስከ 55፣ ሲደክም ከ75 እስከ 90 ቢሆን አያስደነግጥም። አብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ከዚያ ካለፈ ይጠፋሉ። «ላፕቶፔ እየቆየ ይንቀራፈፋል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

እጃችሁን አየር ማስወጫው ላይ አድርጉ። ማራገቢያው እየጮኸ የሚወጣው አየር ግን ደካማ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። አየሩ ብዙና ትኩስ ከሆነ መንገዱ ደህና ነው፣ ሥራው ነው የበዛበት። ማራገቢያው ድምፅም አየርም ከሌለው ራሱ ሞቷል።

አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ ሶፋ ላይ አታስቀምጡት። አየር የሚስበው ከሆዱ ነው፣ ጨርቅ አፉን ይዘጋዋል። ከኋላው ሁለት የሃይላንድ ውሃ ክዳን ስር አድርጋችሁ ከፍ ማድረግ ብቻ የተወሰነ ዲግሪ ያወርዳል። የከፍታችንም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ያው ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብዙ አምራቾች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ይሠራል ብለው ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ያላችሁም ገና ከገደቡ ውስጥ ናችሁ፤ ግን ትርፉ ጠባብ ስለሆነ አቧራውን ችላ ልትሉት አትችሉም። ሰመራና ጋምቤላ ላላችሁ ደግሞ ጉዳዩ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ነው፤ አፕል ለማክቡክ ያስቀመጠው የክፍል ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ነው።

የሆዱን ክዳን ስትከፍቱ

ዋስትናው ያላለቀ ላፕቶፕ ከሆነ አትክፈቱት፣ ለሻጩ ውሰዱት። ያለበለዚያ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ገልብጡት። ልኩ የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ካቻቢቴው ብሎኑ ላይ ከዞረባችሁ ተዉት፣ አንዴ ራሱ የተበላ ብሎን ጭንቅ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሳሉና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ወረቀቱን ወግታችሁ ስኩት፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገቡት ማዘርቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ክዳኑን በቢላ ሳይሆን ሲም ካርድ በሚመጣበት የፕላስቲክ ካርድ ዙሪያውን እየሳባችሁ አላቁት።

ሲከፈት መጀመሪያ የምትነኩት የባትሪውን ሶኬት ነው። ሽቦውን ሳይሆን ፕላስቲኩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ከዚያ ማራገቢያውን ታገኛላችሁ፣ ከእሱ ጎን ማበጠሪያ የመሰለ ስስ የብረት ክንፍ አለ። አቧራው የሚጋገረው ከሁለቱ መካከል ነው፣ ከውጭ አይታይም። ማራገቢያውን የያዙትን ሁለት ሦስት ብሎኖች ፈትታችሁ ካነሳችሁት የአቧራው ምንጣፍ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። በለስላሳ ብሩሽና በእጅ መንፊያ አውጡት። በአፍ አትንፉ፣ እርጥበት ትጨምራላችሁ። ስትነፉ የማራገቢያውን ክንፍ በጥርስ መጎርጎሪያ ያዙት፣ በንፋስ በኃይል ከተሽከረከረ መዘውሩ ይጎዳል።

ላፕቶፑ ከሦስት አራት ዓመት በላይ ከሆነው ፔስቱም፣ ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳብ ቱቦው ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ደርቆ ይሆናል። ይህ እጅ ይፈልጋል፣ የማትተማመኑ ከሆነ ለባለሙያ ተዉት። የምትሞክሩ ከሆነ የመዳብ ቱቦውን የያዙትን ብሎኖች በተጻፈባቸው ቁጥር ተራ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ፍቱ። የድሮው ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል። በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። አዲሱን የምስር ፍሬ ታህል ብቻ ፕሮሰሰሩ መሀል ላይ ጣል አድርጉ። ጎማ መሳይ ለስላሳ ፓድ ካያችሁ እሱን አትንኩት፣ በፔስት አይተካም። ስትመልሱ ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ።

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ከዚህ በፊት ቪዲዮ ላይ 97 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ከጸዳ በኋላ 72 ላይ ቆመ። ባትሪው ያው 72 በመቶው ነው፣ ግን ለጽሑፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ይዞላታል።

ከጸዳም በኋላ የሚግል ከሆነ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ አድቫንስድ ሴቲንግ ግቡና ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርዱት። አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ግን ፕሮሰሰሩ በጉልበት የሚጨምረውን ፍጥነት ስለሚያጠፋው ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ልዩነቱን አታውቁትም።

መቀየር የግድ ከሆነ

የላፕቶፑን ሞዴል ብቻ ይዛችሁ መርካቶ አትሂዱ። የአንድ ሞዴል ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ዓይነት ባትሪ ሊኖረው ይችላል። ባትሪው ራሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ ቮልቱንና ዋት ሰዓቱን ፎቶ አንሱ። 11.1 ቮልት ባለው ቦታ 14.8 አይገባም፣ ሶኬቱ ቢገጥምም። በሚዛን ከድሮው በጣም ቀለል የሚል ከሆነ አትውሰዱት፣ ውስጡ የተጻፈውን ያህል የለም። የድሮውን ደግሞ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠውን «እስኪያልቅ ተጠቀሚ፣ ከዚያ ሙዪ» የሚል ምክር ተዉት። እሱ ለድሮው ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር። ሊቲየም ዜሮ መግባት አይወድም፤ ከ20 እስከ 80 መካከል ቢውል ዕድሜው ይረዝማል። ለአንድ ወር ክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ ግማሽ ላይ አድርጋችሁ አጥፍታችሁ ተዉት።

ባትሪው ሲገጠም እዚያው ሱቁ ውስጥ ያንን ጥቁር መስኮት ክፈቱና ሪፖርቱን አውጡ። ዲዛይን ካፓሲቲውና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲው ተቀራራቢ መሆናቸውን እዩ፣ ሳይክል ካውንቱ ከታየ ዜሮ ወይም ጥቂት ይሁን። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱ፣ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ከ100 ወደ 92 ቢወርድ ደህና ነው። ወደ 70 ከወረደ መልሱለት፣ ገንዘቡ ገና እጃችሁ ላይ ነው።